የፖም ጠጅና ያላነበብኩት ገጽ

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ውስጥ ከሲያትል ወጣ ብሎ ባለው ሊንውድ የአንድ ቤት ምድር ቤት ገብቼ፣ የተበላሸ የውሃ ማሞቂያ ፊት ተንበርክኬ ስሠራ፣ ጥግ ላይ ከተረሳ ካርቶን የወጣ የፖም ሽታ ከልብስ ሳሙናና ከሞቀ አቧራ ሽታ ጋር ተደባልቆ ድንገት አፍንጫዬ ውስጥ ገባና፣ መፍቻውን መሬት ላይ አስቀምጬ አየሩን አሸተትኩ። የቤቱ ባለቤት ደረጃው ላይ ቆሞ «ምነው፣ ጋዝ ይሸታል እንዴ?» ብሎ ደንግጦ ሲጠይቀኝ፣ «የለም፣ ፖም ነው» አልኩት። እሱ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ ያ ሽታ በእኛ ቤት ምን እንዳደረገ የምናውቅ አምስት ሰዎች ነበርን፤ ከአምስቱ ሁለቱ ዛሬ በሕይወት የሉም።

አንደኛው አባቴ ተሰማ ነበር። ኖርዝጌት አጠገብ ባለ ምግብ ቤት ሳህን ያጥብ የነበረ፣ እናቱ ጠላ ጠምቃ ስላሳደገችው የጥንስስ ነገር ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም ብሎ የሚያምን፣ እንግሊዝኛ እየተንተባተበ ቢናገርም ማንበብ ግን የማይችል ሰው ነበር። ሁለተኛዋ እናቴ ጽጌ ናት፤ አንድ የልብስ ማስተካከያ ሱቅ ውስጥ እየሰፋች፣ ማታ ደግሞ ለወገን ሴቶች ጥልፍ እየጠለፈች የምትኖር፣ በጣቶቿ የምትታወቅ ሴት ነበረች። ሦስተኛው የእናቴ ታናሽ ወንድም ጋሼ ደረጀ ነው፤ ከእኛ ቀድሞ ለትምህርት መጥቶ ሬድመንድ የኮምፒውተር ሥራ ይዞ ነበር፤ ወረቀታችንን ጨርሶ ወደ ሲያትል ያመጣን እሱ ነው። አራተኛዋ አከራያችን ሚስስ ሩት ነበረች፤ ከአጥሩ ማዶ ብቻዋን የምትኖር፣ ባሏ የሞተባት፣ ልጅ የሌላት አሮጊት፤ እሷም አልፋለች። አምስተኛው እኔ ነኝ፤ ብሩክ፣ ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ የቤቱ አንባቢም እኔ ነበርኩ።

አንባቢ ስል ቀልዴን አይደለም። ከትምህርት ቤት፣ ከመብራት ኃይሉ፣ ከሐኪም ቤት የመጣ ወረቀት ሁሉ ወደ እኔ ነበር የሚመጣው፤ አባቴ ከሥራ ገብቶ እጁን ታጥቦ ሶፋው ላይ ከተቀመጠ በኋላ ፖስታውን በሁለት እጁ ይዞ ይሰጠኝና «ምን ይላል?» ብሎ አፍ አፌን ያይ ነበር። እኔም እንደ ዳኛ ጎሮሮዬን ጠርጌ አነብለት ነበር። ያልገባኝን ቃል ዘልዬ ሌላ እተካለሁ፤ የሚያውቅብኝ አልነበረም። ልጅ አይዋሽም የሚሉ ሰዎች ልጅነታቸውን ረስተውታል ማለት ነው። ልጅ ይዋሻል፤ ያመነውን ትልቅ ሰው ደግሞ ደጋግሞ ይዋሸዋል፤ ምክንያቱም ይቀልለዋል።

ነገሩ የተጀመረው በመከር ነው። ጋሼ ደረጀ አንድ እሑድ እጮኛውን ይዞ መጥቶ ከፋሲካ በኋላ እንደሚያገባ ሲነግረን፣ እናቴ እልል ብላ ሳትጨርስ አባቴ ቀጠል አድርጎ «የመጠጡን ነገር ለእኔ ተወው» አለው።

«ኧረ ጋሽ ተሰማ፣ ምን አደከመዎት፤ ቢራውንም ወይኑንም በካርቶን ኦርደር እናደርጋለን።»

«የሚገዛውንማ ማንም ይገዛል።»

«አንተ ሰውዬ፣» አለች እናቴ እየሳቀች፣ «ጌሾ በሻንጣ ይዞ የሚመጣ ሰው እስኪገኝ ደረጀ ሦስት ልጅ ይወልዳል። ማሩስ ቢሆን ለአንድ አዳራሽ ሰው ይቻላል?»

አባቴ በአገጩ ወደ መስኮቱ አመለከተ። የሚስስ ሩት ባል በወጣትነቱ የተከለው የፖም ዛፍ ጓሯችን ውስጥ ቆሞ፣ ፍሬው ሣሩ ላይ እየረገፈ ንብ ይወረው ነበር። «ያ ዛፍ ምን ይሠራል? ጣፋጭ የሆነ ነገር ሁሉ ይጠመቃል።»

ጋሼ ደረጀ ለእጮኛው ዓይኑን ጠቀስ ሲያደርግ አየሁት፤ አባቴም አይቶታል። ያችን ጥቅሻ ነበር አባቴ ክረምቱን ሙሉ ሲጠምቅ የከረመው። የመጣንበትን አውሮፕላን፣ የገባንበትን ቤት፣ የለበስነውን ካፖርት ሳይቀር ያገኘነው በጋሼ ደረጀ ነውና፣ አባቴ በዚያ ሰርግ ላይ «ይህ የተሰማ እጅ ነው» የሚባልለት አንድ ነገር ካላስቀመጠ፣ በሚስቱ ወንድም ፊት ለዘለዓለም እንግዳ ሆኖ ሊቀር ነው ብሎ ያምን ነበር። ይህንን በአፉ ተናግሮት አያውቅም፤ ግን ልጅም ቢሆን እንዲህ ያለውን ነገር ያያል።

መጀመሪያ ሁሉም ነገር ተበላሸበት። ፖም መውቀጥ ሳያስፈልግ እንሞክረው ብሎ ከሱቅ የታሸገ ጭማቂ ገዝቶ እርሾ ጨመረበት፤ አሥር ቀን ሙሉ ጠዋትና ማታ ክዳኑን እየከፈተ ጆሮውን ቢደቅንበት፣ ድምፅ የለ፣ አረፋ የለ፣ እንደ ገዛነው ተኝቶ ሰነበተ። «የሞተ ነገር ሸጠውልናል» ብሎ ደፋው። ቀጥሎ ዕቃ ሳይታጠን አይጠመቅበትም ብሎ፣ እናቱ እንስራ በወይራ ስታጥን ያየውን አስታውሶ፣ ከጎረቤት አጥር የጽድ ቅርንጫፍ ቆርጦ አጨሰና የፕላስቲክ ባልዲውን ደፋበት። ባልዲው እንደ ሰም ቀለጠ። የእሳት ማስጠንቀቂያው ጮኸ፤ እናቴ በፎጣ እያራገበች «ቤቱን ጠመቅኸው!» እያለች በሳቅ ስትንከተከት፣ ሚስስ ሩት በነጠላ ጫማዋ ሮጣ መጣች።

ያን ቀን ነው መጽሐፉ ወደ ቤታችን የገባው። ሚስስ ሩት የሆነውን ከእኔ ስትሰማ ጭማቂው ለምን እንዳልፈላ ነገረችን፤ እንዳይበላሽ መድኃኒት ተጨምሮበታልና እርሾ አያነሳውም። ከዚያም ቤቷ ሄዳ ባሏ ከዚያው ዛፍ ፖም እየለቀመ ሲጠምቅበት የነበረውን መጽሐፍ አመጣችልን። ሽፋኑ በጭማቂ ጠቁሮ፣ በየገጹ ዳር በእርሳስ የተጻፈ ማስታወሻ ነበረበት። አባቴ መጽሐፉን ተቀብሎ ራሱን ዝቅ አድርጎ እጅ ነሳት፤ ከዚያም ለእኔ አቀበለኝ።

ከዚያ በኋላ የተከተሉት ሳምንታት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከአባቴ ጋር ያሳለፍኳቸው ምርጥ ቀናት ነበሩ። ፖሙን ለቅመን፣ አጥበን፣ የተበላሸውን ቆርጠን እየጣልን በሙቀጫ ወቀጥነው፤ እናቴ ከወፍራም ጨርቅ የሰፋችልንን ከረጢት በሁለት ጫፍ ይዘን እንደ ተነከረ ጋቢ ጠምዝዘን ጨመቅነው፤ ክንዳችን እስከ ክርናችን ይጣበቅ ነበር። ጭማቂው በአራት ትልልቅ ባልዲ ሲፈላ አባቴ ክዳኑን ሳያጠብቅ ላላ አድርጎ ይተወው ነበር፤ መፍላቱ ሲዘገይበት «መጽሐፉ ምን ይላል?» ይለኛል፤ ብርድ ነው ይላል እለዋለሁ፤ ባልዲዎቹን ብርድ ልብስ አልብሶ ወደ ማሞቂያው ያስጠጋቸዋል። ኅዳር ላይ የተበላሸ እንቁላል ሽታ አወጣና እናቴ «ከዚህ ቤት ወይ እኔ ልውጣ ወይ እሱ ይውጣ» ስትል፣ ከዕቃ ወደ ዕቃ እየገለበጥን እናናፍሰው ይላል አልኩት፤ አናፈስነው፣ ሽታው ጠፋ። ታኅሣሥ ላይ ነጭ ስስ ሽፋን ታየበት፤ ወደ ኮምጣጤ እንዳይሄድ ዕቃውን እስከ አንገቱ ሙሉት ይላል አልኩት፤ ሞላነው፣ ዳነ። አባቴ በእያንዳንዱ ጊዜ ትከሻዬን መታ መታ ያደርገኝ ነበር። «አየሽ ጽጌ፣» ይላት ነበር፣ «እኔ እጅ፣ እሱ ዓይን።»

የካቲት ላይ ባልዲዎቹ ጸጥ አሉ። ክፍሉ ይቀዘቅዝ ስለነበር ፍላቱ ብርዱን ፈርቶ ነው እንጂ ያለቀ አልነበረም፤ ይህንን ግን ያኔ አላወቅንም። ዐቢይ ጾም ሊገባ ነበር። አባቴ ከምግብ ቤቱ ባዶ የጭማቂ ጠርሙሶች፣ ከስስ ብርጭቆ የተሠሩ ጋሎን ጋሎን የሚይዙትን፣ ሃያ ያህል ሰብስቦ አጥቦ ደርድሮ ጨርሶ፣ አንድ ቅዳሜ ቀን ጠራኝ። የትምህርት ቤታችን የቅርጫት ኳስ ጨዋታ ያን ቀን ነበር፤ ጓደኛዬ በር ላይ ኳስ እያነጠረ ይጠብቀኝ ነበር፤ የኳሱ ድምፅ ደረጃው ላይ ጠብ ጠብ ሲል ዛሬም ይሰማኛል።

«አሁን ጸጥ ብሏል» አለኝ አባቴ። «በእኛ አገር እንዲህ ሲሆን አፉ ይታሸጋል። እዚህስ? መጽሐፉ ምን ይላል?»

መጽሐፉን ከፈትኩት። ስለ ማሸግ የሚናገረው ክፍል አራት ገጽ ነበር፤ ፊደሉ ደቃቅ ነው፤ በእርሳስ የተሞላ ነው። ዓይኔን ገጹ ላይ አንከባለልኩና «ግጥም አድርጋችሁ ዝጉት ይላል» አልኩት።

«ትንሽ ስኳር ብጨምርበት ይጠነክርልኛል። ይከለክላል?»

«አይከለክልም።»

«በደንብ አየኸው?»

«አየሁት እኮ አባዬ!»

አመነኝ። ለምን አያምነኝም? ከዚያ በፊት የነገርኩት ሁሉ ሠርቶለት ነበር። ጫማዬን እያሰርኩ እያለሁ ስኳሩን በሾርባ ማንኪያ ሲሰፍር፣ ክዳኑን አጥብቆ በፕላስተር ሲጠቀልል አየሁት፤ እናቱ የጋኑን አፍ በጭቃ ስትደፍን እንዳየው ማለት ነው። ጠርሙሶቹን ልብስ ማጠቢያና ማድረቂያው ባለበት ጠባብ ክፍል መደርደሪያ ላይ አስቀመጣቸው። «ጾሙ ሳይፈታ አልከፍተውም፤ ጠብታም አልቀምስም፤ የመጀመሪያውን የምንቀምሰው በፋሲካ ነው» አለ። ሌላ ሰው ቢሆን በየሳምንቱ አንዱን ከፍቶ ይቀምስ፣ ፉጨቱን ይሰማ፣ ይነቃ ነበር። አባቴ ግን ጾመኛ ነበርና ሃምሳ አምስት ቀን ሙሉ በአጠገቡ እያለፈ እጁን አልዘረጋበትም።

ጸደዩ እየሞቀ መጣ። ዛፉ አበበ። ቅዳም ሥዑር ዕለት፣ ለፋሲካ አንድ ቀን ሲቀረው፣ እናቴ ለሌሊቱ ቅዳሴ የምንለብሰውን ነጭ ልብስ አጥባ ማድረቂያ ውስጥ ከታው ነበር፤ ክፍሉ እንደ ምድጃ ሞቋል። እኩለ ቀን ላይ ልብሱን ልታወጣ ገባች።

ድምፁ አንድ አልነበረም። መጀመሪያ አንድ ከባድ ፍንዳታ፣ ከዚያ ተከታትለው ሌሎች፣ ከዚያ የሚንኳኳ የብርጭቆ ዝናብ፣ ከዚያ የእናቴ ጩኸት። አባቴ ከጓሮ ሮጦ ሲገባ፣ እናቴ ፊቷን በግራ እጇ ሸፍና ቀኝ እጇን ወደ ላይ ዘርግታ ቆማ ነበር፤ ነጩ ልብስ ወለሉ ላይ ተበትኖ ግማሹ በፖም ጠጅ፣ ግማሹ በደም ርሷል። «ተሰማ፣ ጣቴ» አለች። አባቴ ነጠላውን ከወለሉ አንስቶ እጇን ጠቀለለበትና አቅፏት ወደ መኪናው ሮጠ።

እኔ ቤት ቀረሁ። ሚስስ ሩት መጥረጊያ ይዛ መጥታ ብርጭቆውን መልቀም ስትጀምር፣ ሳሎን ገብቼ መጽሐፉን ከፈትኩትና አራቱን ገጾች አነበብኳቸው። አሥር ደቂቃ ፈጀብኝ። ጸጥ ማለቱ ማለቁ ላይሆን ይችላልና ክፍሉን አሙቁና አንድ ሳምንት ጠብቁ ይላል። ስኳር ከጨመራችሁ ለአንድ ትንሽ ወፍራም ጠርሙስ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ብቻ ይላል። በጭማቂ ጠርሙስ በፍጹም እንዳታሽጉ ይላል፤ ከሥሩ ሁለት ጊዜ በእርሳስ ተሰምሮበት፣ ዳር ላይ ሟቹ ሰውዬ «አንድ ጊዜ ፈንድቶብኛል» ብሎ ጽፏል።

ሚስስ ሩት ጨርሳ ስትወጣ በር ላይ ቆማ መጽሐፉን በእጄ አየችው። «ይህንን ገጽ ለአባትህ አንብበህለት ነበር አይደል?» አለችኝ።

«አዎ፣ አንብቤለት ነበር» አልኳት።

የመጀመሪያው ውሸቴ የስንፍና ነበር። ይህኛው ግን እያወቅሁ፣ ገጹ ገና በዓይኔ ላይ እያለ የተናገርኩት ነው፤ ሁለቱን አንድ ላይ አላያቸውም፤ ማንም እንዲያያቸው አልፈልግም።

ሐኪሞቹ ጅማቱን ሰፉት፤ ሁለቱ ጣቶቿ ግን፣ አመልካችና መሐለኛው፣ ከዚያ ወዲያ አልታጠፉም። ጋሼ ደረጀ ሐኪም ቤት ሲመጣ አባቴ ከወንበሩ ተነሳለት። ጋሼ ደረጀ እስከዚያ ቀን ድረስ አባቴን አንቱ ይለው ነበር። ያን ቀን «ለሰርጌ ያዘጋጀህልኝ ይህንን ነው?» አለው። «ዝም ብለህ ተቀመጥ ስትባል ምናለ ብትሰማ?» አባቴ ‹መጽሐፉ እንዲህ ይላል ብሎ ልጁ ነው ያነበበልኝ› ማለት ይችል ነበር። አላለም። እኔ ከጀርባው ቆሜ ነበር፤ እኔም ምንም አላልኩም። በሰርጉ ቀን እናቴ እጇን በፋሻ አንጠልጥላ ሄደች፤ አባቴ ሥራ ገባ።

የሲያትል በጋ ሲገባ ሚስስ ሩት መጣች። በሰኔ መጨረሻ ቤቱን እንድንለቅ እንደምትፈልግ፣ ተነግሮት የማይሰማ ሰው ቤቷ ውስጥ እንዲኖር እንደማትደፍር፣ እናቴን አይታ እንቅልፍ እንዳጣች በቀስታ ተናገረችና «ንገረው» አለችኝ። አባቴ እንደ ልማዱ አፍ አፌን ያየኝ ነበር።

«ምን አለች?»

«ቤቱን… ልጇ ሊገባበት ነው አለች።»

አባቴ እሷን አየ፤ ከዚያ እኔን አየኝ። «ልጅ የላትም እኮ» አለ። ወደ ጓሮ ወጥቶ ዛፉ ሥር ተቀመጠ።

ከዚያ ቀን በኋላ አባቴ አንድም ወረቀት አንብብልኝ ብሎኝ አያውቅም። ፖስታውን ኪሱ ውስጥ አጥፎ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ይወስደውና የማያውቃቸውን ወጣቶች «እስቲ ልጄ፣ ምን ይላል?» እያለ ሲለምን አየው ነበር። እኔ ከእሱ አምስት እርምጃ ርቄ ቆሜ።

ሃያ ሁለት ዓመት ሲሞላኝ ነገርኩት። እኔ እየነዳሁ ወደ ሊንውድ እየሄድን ነበር። ሁሉንም ነገርኩት፤ ኳሱን፣ አራቱን ገጾች፣ ሚስስ ሩትን። መንገዱን እያየ ሰማኝ። «ለእናትህ ነገርካት?» አለኝ።

«አልነገርኳትም።»

«እንግዲያው ለእኔም አልነገርከኝም» አለና ሬዲዮውን ከፈተ።

ለእናቴ የመንገር ድፍረቱን ያገኘሁት እሱ ከሞተ በኋላ ነው፤ እንዲህ ያለው ድፍረት ምን ያህል እንደሚከብር ለአንባቢ እተወዋለሁ። እናቴ ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ፎጣ እያጠፈች፣ ሁለቱ ጣቶቿ እንደ እንጨት ቀጥ ብለው፣ ሰምታኝ ስትጨርስ «አንተማ ልጅ ነበርክ» አለችኝ። ይቅር ያለችኝ መስሎኝ ተነፈስኩ። እሷ ግን ቀጠለች። «አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ያን ሰው በክፉ ዓይን ሳየው ኖርኩ። እጄን ባየሁ ቁጥር ‹ይህ ግትር› እል ነበር፤ እሱም ያውቅ ነበር። አንድ ቀን ‹እኔ አይደለሁም› አላለኝም። በሕይወት ሳለ ብትነግረኝ ምን ነበር ብሩክ?» ፎጣውን አስቀምጣ ወደ ክፍሏ ገባች።

እኔ ዛሬ የምሠራውን ሙያ ማንም አላስተማረኝም፤ የማሞቂያና የቧንቧ መጽሐፍ እየገዛሁ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው እያነበብኩ ራሴን አስተማርኩ። ቤቴ ውስጥም ሕጉ ይኸው ነው። ልጄ ሶስና አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ የቤት ሥራም ይሁን የመድኃኒት ወረቀት አነበብኩት ስትለኝ «የመጨረሻው ገጽ ላይ ምን አለ?» እላታለሁ። «ዳድ፣ አይ ሬድ ኢት!» አንብቤዋለሁ እኮ ትለኛለች፤ ዓይኗ እንባ ያቀራል፤ ሚስቴ «አበዛኸው» ትላለች። ሄጄ ራሴ አየዋለሁ። ሁልጊዜም እውነቷን ነው። በልጅነቴ ቤት ማንበብ የማይችል አባት ልጁን ያምን ነበር፤ አሁን ባለው ቤቴ ማንበብ የሚችል አባት ዋሽታው የማታውቅ ልጁን አያምንም። ይህ ሥርዓት ነው ብዬ ለሰው እናገራለሁ። ብቻዬን ስሆን ግን አልለውም።

ያ መጠጥ እናቴን ሁለት ጣትና የምትወደውን ጥልፍ አስከፈላት። ሚስስ ሩት የባሏን ዛፍ በዚያው በጋ አስቆረጠችው። ጋሼ ደረጀ እህቱ ቤት ሳይገባ ዓመታት አሳለፈ፤ አባቴን የተሰናበተው በሬሳ ሳጥኑ ላይ ነው። አባቴ በገዛ ቤቱ አሥራ ስምንት ዓመት ጥፋተኛ ሆኖ ኖሮ፣ ጥፋተኛ ሆኖ ሞተ።

እኔ ያን የየካቲት ቅዳሜ የኳስ ጨዋታው ሳይጀመር ደርሼ ነበር።